ልብ የወለደውን ለልብ ተዉለት

ባለፈው ዓመት የኅዳር ጽዮን ዕለት ከሽሮ ሜዳ ታክሲ ይዤ እንጦጦ ማርያም ወጣሁ። ቅዳሴው አልቆ ሕዝቡ ነጠላውን እያስተካከለ ሲበተን፣ ጉልበቴ እንደ ድሮው አይደለምና ቁልቁለቱን በእግር መውረዱን ፈርቼ፣ ታክሲ እስኪገኝ ከመንገዱ ዳር ካለች አንዲት ሻይ ቤት አረፍ አልኩ። ሻይ ቤት ማለቴ ለክብሯ ነው፤ አራት የባሕር ዛፍ ቋሚ፣ አንድ ሸራና አንድ ማንቆርቆሪያ ናት። ከጎኔ ሦስት ወጣቶች፣ ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት፣ ቆሎ እየቆረጠሙ ተፋጠዋል።

«መመለስ ማሰቡ ራሱ ስሕተት ነው! የሚጠብቀውን እያወቀ?» ይላል አንደኛው።

«እና እዚያው ቁጭ ብሎ ለፈረንጅ መንኮራኩር ሲሠራ ይርጅ?» ትለዋለች ልጅቷ። «ሰው ለማን ብሎ ነው የሚማረው?»

«ለራሱ!»

«ለራሱ ከሆነማ ዲግሪውን ቀቅሎ ይብላው!»

መጀመሪያ ባሕር ማዶ ስላለ ዘመዳቸው የሚነጋገሩ መስሎኝ ነበር። የገባኝ ስም ሲጠሩ ነው። ሰውዬው ሻጊዝ እጅጉ ነው፤ ይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» ባለው ልብ ወለድ ውስጥ የፈጠረው፣ በአሜሪካ የጠፈር ምርምር ተቋም የሚሠራው ኢትዮጵያዊ ሳይንቲስት። መጽሐፉ የወጣው በ2001 ዓ.ም. ነው። እነዚህ ልጆች ያን ጊዜ ገና ፊደል ይቆጥሩ ነበር ቢባል ነው። ደስ አለኝ። ሻዬን እንደያዝኩ ጆሮዬን ወደ እነሱ አዘነበልኩ።

እስካሁን ዝም ብሎ የቆየው ሦስተኛው ልጅ ይህን ጊዜ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ቆይ፣ እናንተ ልብ ወለድ ይመስላችኋል እንዴ? ሰውዬው እኮ በእርግጥ የነበረ ሰው ነው። ጣና ላይ ያለውም ነገር አለ። የሚያውቅ ሰው ነግሮኛል። እዚሁ እንጦጦ ላይ የተተከለው ቴሌስኮፕ ለምን ይመስላችኋል?»

ሁለቱ ዝም አሉ። አንገታቸውን አስግገው ወደ እሱ ተጠጉ። «ማን ነገረህ?» «ወታደር የሆነ ዘመድ አለኝ...» ክርክሩ እዚያው ላይ ሞተ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ይህ ጽሑፍ ከዚያ ከሦስተኛው ልጅ ጋር የተገጠመ ጠብ ነው። ከእሱ ጋር ብቻም አይደለም፤ እሱን ከሚመስሉ ብዙ ትልልቅ ሰዎችና፣ ኋላ እንደማወራው፣ ከራሴም ጋር ነው። ሁለቱ ልጆች «ልክ ነው ወይስ አይደለም?» ብለው ሲከራከሩ ሁለቱም የሚናገሩት ነበራቸው። ለመናገር መጽሐፉን ማንበብና ሕሊናን መጠየቅ ይበቃል። «እውነት ነው ወይስ አይደለም?» የተባለ ለታ ግን አፍ ያለው አንድ ሰው ብቻ ሆነ፤ እሱም ወታደር ዘመድ ያለው። መጽሐፉን ማንበብም አላስፈለገ።

በመጀመሪያ ግን ከሌላው ወገን ጋር ሒሳብ ላወራርድ። እነሱም ሥነ ጽሑፍ አዋቂ ነን ባዮቹ ናቸው። «ዴርቶጋዳ»፣ «ራማቶሓራ»፣ «ዣንቶዣራ» እየተከታተሉ በወጡበት ዘመን የመጽሐፍ አዟሪዎች ክምር ከላይ በእነዚሁ ይሸፈን ነበር። ታክሲ ውስጥ፣ ካምፓስ ግቢ፣ ፀጉር ቤት ሳይቀር ሚራዥ እንዲህ ማድረግ ነበረበት፣ ሻጊዝ እንዲያ ማለት አልነበረበትም ይባል ነበር። አዋቂዎቻችን ታዲያ ራሳቸውን ነቀነቁ። «በሌለ ሰው ምን ያጨቃጭቃችኋል? ይሄ እኮ የስለላ ፊልም ነው፤ ሥነ ጽሑፍ አይደለም» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። መጽሐፉ ላይ እኔም ቅሬታ አለኝ፤ አጋጣሚው ይበዛብኛል፣ ሰዎቹም አንዳንድ ቦታ ከመነጋገር ይልቅ ይሰብኩብኛል። ግን በሌለ ሰው መከራከር ሞኝነት ከሆነ እኛ ሁላችን ሞኞች ሆነን ነው ያደግነው።

ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ የነበረበትን ጊዜ የሚያስታውስ ያስታውስ። በዛብህ ሰብለን ጥሎ መሸሹ ፈሪነት ነው ወይስ ግዴታ? እናቱ የተሳለችውን ብፅዓት ማፍረሱ ኃጢአት ነው ወይስ ቀድሞውንም በልጅ መሳል ነው ኃጢአቱ? በእኛ ሰፈር በዚህ ነገር የተኮራረፉ ጎረቤታሞች ነበሩ። አንዲት ቡና አፍልተው የሚጠሩን እናት ልጅ ለቤተ ክርስቲያን ተስለው ኖሮ፣ ክርክሩ ሲነሳ ጀበናውን አስቀምጠው ይወጡ እንደነበር አልረሳውም። ማንም ግን «በዛብህ የምር የነበረ ሰው ነው ወይ?» ብሎ ነገሩን አላደናቀፈም። በዛብህ ልብ የወለደው ነው፤ ጥያቄው ግን የሁላችን ነበር።

ቃሉን ራሱን እዩት። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ እ.ኤ.አ. በ1908 ሮም ያሳተሙት መጽሐፍ «ልብ ወለድ ታሪክ» ተባለ፤ ከዚያ በኋላ የዚህ ዓይነቱ ድርሰት ሁሉ መጠሪያ «ልብ ወለድ» ሆኖ ቀረ። ልብ የወለደው ማለት ነው። ልብ የወለደውን ልጅ አባቱ ማን እንደሆነ ቀበሌ ሄዶ መጠየቅ ምን ይሉታል? ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ ገና ያልሆነውን፣ ሊሆን የሚችለውን የሚጽፍ ሰው «የት ነው ያለው?» ተብሎ ሲጠየቅ ምን ይመልስ?

ክርክሩ ራሱ ከፈረንጅ የመጣ አዲስ ሱስ አይደለም። መጽሐፍ ትርጓሜ ቤት የዋለ ሰው ያውቀዋል። መምህሩ አንዷን ቃል አንሥተው «አንድም» ይላሉ፤ ሌላ መንገድ ያሳያሉ፤ እንደገና «አንድም» ይላሉ። አንዱ ትርጓሜ ሌላውን አያባርረውም፤ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፣ ተማሪውም ሲመዝን ይውላል። እነዚያ ሁለት ልጆች እንጦጦ ማርያም ደጃፍ ላይ ሲያደርጉ የነበረው ሳያውቁት ይህንኑ ነው። አንድም አገሩን ሊያገለግል ይመጣል፤ አንድም አገር የሚገለገለው ካሉበት ሆኖ ነው። ይህን ክርክር ንቆ የሚያልፍ አዋቂ፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ አንባቢ የሚባለውን ፍጡር አይቶት አያውቅም።

የታሪኩን ቀጣይ መገመትም ቢሆን አልነቅፍም። ሁለተኛው መጽሐፍ እስኪወጣ ድረስ «እንዲህ ይሆናል» «የለም፣ እንዲህ ነው የሚሆነው» ሲባል የነበረው አንባቢን ወደ ገጹ የሚመልስ ከሆነ ንባብ ነው። «በመጀመሪያው መጽሐፍ እንዲህ ብሏልና» ብሎ የሚጀምር ግምት ማስረጃው እጁ ላይ አለ፤ ቢሳሳትም ከመጽሐፉ ጋር ነው የተሳሳተው። «የማተሚያ ቤት ሠራተኛ ነገረኝ» ብሎ የሚጀምረው ግን ወሬ ነው። ልዩነቱ ጥቂት ይመስላል፤ ነገር ግን የመጀመሪያው ሰው ሁለተኛ ጊዜ ሲያነብ፣ ሁለተኛው ሰው ሌላ ነጋሪ ፍለጋ ይሄዳል።

ወደ ጠቡ ልመለስ። ሦስተኛው ልጅ «የነበረ ሰው ነው» ያለው ከመሬት ተነሥቶ አይደለም። ቅጣው እጅጉ የሚባል ኢትዮጵያዊ የጠፈር መሐንዲስ ነበር። ቦንጋ ተወለደ፣ ባሕር ዳር ተማረ፣ ጃፓን ተሻገረ፣ አሜሪካ ገብቶ በጠፈር ሥራ ስም አተረፈ፤ በኋላም ፖለቲካ ውስጥ ገብቶ ሳለ በጥር 1998 ዓ.ም. እዚያው አሜሪካ አረፈ። «ሻጊዝ እጅጉ» የሚል ስም ያነበበ ሰው ቅጣውን ቢያስታውስ አይፈረድበትም፤ ደራሲም ከሕይወት መነሣቱ ወግ ነው። ግን መነሻና መድረሻ ይለያያሉ። ቅጣውን ሻጊዝ ስታደርገው የቅጣው እውነተኛ ልፋት፣ ከቦንጋ ጃፓን የሚያደርሰው የዕንቅልፍ እጦት ሁሉ ይጠፋና በምትኩ ስለላና ተአምር ይገባበታል። በአሟሟቱ ዙሪያ ሲወራ የሰማሁትን እዚህ አልደግመውም፤ የሞተ ሰው መልስ መስጠት አይችልም። ሻጊዝንም ቅጣው ስታደርገው ሻጊዝ የመምረጥ ነፃነቱን ያጣል። ምክንያቱም በወሬው ውስጥ ሰውዬው የሚያደርገውን የሚያደርገው «እንዲያ ስለሆነ» ነው፤ በልብ ወለዱ ውስጥ ግን ሌላ ማድረግ ይችል ነበር። ሁለት ሰው ይዘን ገብተን ባዶ እጃችንን እንወጣለን።

ይህ የወሬ ንባብ ጨዋታ ብቻ የሚመስለው ካለ በዓሉ ግርማን ያስታውስ። በዓሉ «ደራሲው»ን ሲጽፍ ሲራክ ማለት ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር ነው ተባለ፤ ያኔ ነገሩ በፈገግታ ታለፈ። በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ» ሲወጣ ግን ከተማው መጽሐፉን ጥሎ ስም መቁጠር ጀመረ፤ ይሄ እገሌ ባለሥልጣን ነው፣ ያኛው እገሌ ነው። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፣ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፣ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ቀረ። የገደለው አንባቢ ነው አላልኩም፤ ጥፋቱ የሥልጣን ባለቤቶች ነው። ግን እነሱም እኮ መጽሐፉን ያነበቡት እንደዚያ ሦስተኛ ልጅ ነው፤ «ይህ ሰው ማነው?» ብለው። የፀጋዬ ኃይለማርያም መንታ ልብ፣ በፊያሜታና በአገልግሎቱ መካከል የገባበት ጭንቅ ማንን አስጨነቀ? የዚያ መጽሐፍ ዋና ክርክር ለብዙ ዓመት ሳይካሄድ ቀረ፤ ስም ቆጠራው በላው።

ፈረንጆቹም ከዚህ አላመለጡም። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 30 ቀን 1938 ኦርሰን ዌልስ የሚባል ወጣት የኤች ጂ ዌልስን «የዓለማት ጦርነት» በዜና መልክ አዘጋጅቶ በሬዲዮ አቀረበው። ከማርስ ሠራዊት ወረደ የሚለውን የምር ያደረጉ ሰዎች ነበሩ፤ ጋዜጦቹ ግን በማግሥቱ አሜሪካ በሙሉ በሽብር የታመሰች አስመስለው ጻፉት፤ ኋላ የመረመሩ ሰዎች ሽብሩ ያን ያህል እንዳልነበረ አሳዩ። ወሬ ስለ ወሬ! ይኸው ዛሬም ሰው የሚያስታውሰው ሽብሩን ነው እንጂ ዌልስ በመጽሐፉ ያነሣውን ጥያቄ፣ ማለትም ቅኝ ገዢዋ እንግሊዝ ራሷ በባዕድ ብትወረር ምን እንደሚሰማት፣ አይደለም። እኛ ኢትዮጵያውያን ደግሞ ለዚያ ጥያቄ ከማንም የቀረብን ነበርን፤ እ.ኤ.አ. በ1938 አዲስ አበባ ጣሊያን ነበረባት።

በአንጻሩ የ«ስታር ትሬክ» አፍቃሪዎችን እዩ። መርከቢቱና ሰዎቿ እንደሌሉ አሳምረው ያውቃሉ። ካፒቴኑ በዚያ ክፍል ያደረገው ልክ ነው አይደለም እያሉ ይነታረካሉ። ተከታታዩ ሊቋረጥ ነው ሲባል እ.ኤ.አ. በ1968 ለቴሌቪዥን ጣቢያው ደብዳቤ አዘነቡና ሦስተኛው ዙር ተሠራ። እ.ኤ.አ. በ1976 ደግሞ የአሜሪካ የመጀመሪያዋ የጠፈር መንኮራኩር በልብ ወለዷ መርከብ ስም «ኢንተርፕራይዝ» ትባል ብለው ጽፈው ተሳካላቸው። አስቂኙ ነገር ያቺ መንኮራኩር ለበረራና ለማረፍ ሙከራ ብቻ የተሠራች ነበረችና ጠፈር ሄዳ አታውቅም። አፍቃሪዎቹ ግን «ሄዳለች፤ ተደብቆ ነው» አላሉም። የሌለውን እንደሌለ አውቀው ነው የወደዱት።

አሁን የራሴን ላውጣ፤ ሌላውን ወቅሶ ራስን መደበቅ ነውር ነው።

በ2003 ዓ.ም. የእህቴ ልጅ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበር። መጻሕፍቱን አንዱን በአንዱ ላይ ተደርቦ አነበባቸውና አንድ ማታ እቤቴ መጣ። «ጋሼ፣ እውነት ነው?» አለኝ። እኔ ምን ማለት ነበረብኝ? «አይደለም፤ ግን አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?» ማለት ነበረብኝ። ነገር ግን ልጁ በሒሳብ ደከም ብሎ ነበር፤ ምህንድስና እንዲማርም እፈልጋለሁ። «ደራሲው የሚያውቀው ነገር ባይኖር እንዲህ አይጽፍም» አልኩት። ዓይኑ በራ። ከዚያች ማታ ጀምሮ አጠና፣ እውነትም ዩኒቨርሲቲ ገባ። እኔም በውሸቴ ኮራሁ።

ሁለተኛ ዓመት ላይ ለዕረፍት ሲመጣ ፊቱ ሌላ ነበር። ዶርም ውስጥ ስለ ጣናው ምሥጢር ሲናገር፣ «አጎቴ ነው የነገረኝ፤ እሱ አንባቢ ነው» ሲል፣ ጓደኞቹ ስቀው ስቀው ቅጽል ስም አወጡለት። «ዋሸኸኝ አይደል?» አለኝ፤ ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። ትምህርቱን አልተወም፤ ዛሬ ጥሩ መሐንዲስ ነው። የተወው ንባብን ነው። ከዚያ ወዲህ አንድ ልብ ወለድ እጁ ገብቶ አያውቅም። «ውሸት ነው» ይላል ስሰጠው፤ ከጠረጴዛዬ ላይ ሳያነሣው ይሄዳል። ሻጊዝ ልክ ነበር አልነበረም ብሎ ከእኔ ጋር አንድ ሌሊት ተሟግቶ ቢሆን ኖሮ ዛሬም ይሟገተኝ ነበር። እኔ ግን ወሬ ሰጠሁት፤ ወሬ ደግሞ ሲገለጥ ከያዘው መጽሐፍ ጋር ነው የሚወድቀው።

ሦስተኛው ልጅ በጣቱ ስላመለከተው ቴሌስኮፕም አንድ ነገር ማለት አለብኝ። ዳግማዊ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ዘውድ በጫኑባት በእንጦጦ ማርያም በኩል ወጥቶ ጋራውን ወደ ምሥራቅ ይዞ ለሄደ፣ 3,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ በ2007 ዓ.ም. የተመረቀው የጠፈር ምርምር ማዕከል ይገኛል። እያንዳንዳቸው የአንድ ሜትር መስተዋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች አሉት። ጀርባው ምሥጢር አይደለም፤ በ1996 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲን የመሠረቱ ሰዎች ትዕግሥት ነው። ሕዝብ እየተራበ ሰማይ ታያላችሁ እየተባሉ፣ የእብዶች ማኅበር እስከ መባል ደርሰው ነበር። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ሊነጋጋ ሲል ባለሥልጣኑም ሳይንቲስቱም እዚያው ጋራ ላይ ተሰብስቦ በስክሪን እያየ፣ ክብደቷ አንድ ኩንታል የማትሞላ የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ከቻይና ተወነጨፈች። መቆጣጠሪያ ጣቢያዋ እዚሁ እንጦጦ ነበር። ገንዘቡም ሥራውም ከቻይና ጋር የተጋራ መሆኑ በይፋ ተነግሯል፤ ሁለት ዓመት ያህል እንድትሠራ ታቅዳ የተላከች፣ እርሻንና ደንን የምታይ ትንሽ ዕቃ ነበረች። ለእኔ ይህ ከማንኛውም የጣና ምሥጢር ይበልጥብኛል። ወሬኛው ግን አይጣፍጠውም፤ የተደበቀ ነገር ከሌለበት ምኑን ያወራዋል?

ያን ዕለት ጠዋት ዜናውን እንደሰማሁ ለእህቴ ልጅ ደወልኩ። በደስታ ቃሉ አልወጣልኝም። «ሰማህ? ሄደች እኮ!» አልኩት።

ትንሽ ዝም አለ። «ጋሼ፣» አለኝ፣ «ይሄኛውስ እውነት ነው?»

እንግዲህ ሻይ ቤቷ ውስጥ ያ ልጅ ስለ ወታደር ዘመዱ ሲንሾካሾክ የተናደድኩት ለዚህ ነው። ልጅቷ አየችኝ መሰለኝ፤ ፊቴ ሳይነበብ አልቀረም። «ጋሼ፣ እርስዎ አንብበውታል? ሰውዬው በእርግጥ ነበረ እንዴ?» አለችኝ።

«እሱን ኋላ እነግርሻለሁ» አልኳት። «አንቺ ብትሆኚ ግን ትመጪ ነበር?»

«እኔ?» ቆሎውን በእጇ እንደያዘች ከታች ወደተዘረጋው ከተማ ዞር አለች። ጭጋጉ ገና አልተገፈፈም ነበር። «እናቴ እዚህ ካለች... አዎ። ካልሆነ ግን እንጃ።»

«አየሽ!» አለ የመጀመሪያው ልጅ እመር ብሎ። «አየሽ፣ ለአገር አይደለም ማለት ነው፤ ለእናትሽ ነው!»

«እናቴና አገሬ ምን ልዩነት አላቸው?»

«ሰፊ ልዩነት ነዋ!»

ሦስተኛው ልጅ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብሎ አዳመጣቸው። ከዚያ ወንበሩን ወደ ፊት ሳበና «እኔ ብሆን ግን...» ብሎ ጀመረ። ከውጭ ረዳቱ «ሽሮ ሜዳ! ሽሮ ሜዳ! የሞላ!» እያለ ይጮኻል። ታክሲዋን አሳልፌ ሁለተኛ ሻይ አዘዝኩ።